ጉልቤና የሚያፈሰው ኮፓ

ጠብታዋ ግንባሩ ላይ ጠብ ስትል ጉልቤ ዓይኑን ጨፈነ። ትራክተሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዘይት መሆኑን ለማወቅ መንካት አላስፈለገውም፤ ሰሞኑን ሁሉ ከጥፍሩ ሥር ሲፍቀው የከረመው ያው ዘይት ነው።

«አሁንም?» አለች እህቱ ከላይ። ከተኛበት የሚታየው የፕላስቲክ ጫማዋ ብቻ ነው።

«አሁንም፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ሰኞ ብረት ገዢው ይመጣል» አለችና ጫማው ዞሮ ሄደ።

ትራክተሩ የእሷ ነው። ባሏ ሲሞት የተወላት ይኸው አሮጌ ትራክተርና ከቤቱ ጀርባ ያለው እርሻ ነው። የራሷንም የጎረቤቶቿንም መሬት እያረሰች ስትኖር፣ ሞተሩ ጭስ በጭስ ሆነና ቆመ፤ ዶሮዎች መቀመጫው ላይ ማደር ጀመሩ። ዝናቡ ደርሷል። ካልተነሳ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ልትሰጠው ቆርጣለች። ከዚያ ወዲያ መሬቱን ለሰው አከራይቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ይህን ስትነግረው አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለው ነበር።

ጉልቤ የሚለው ስም የወጣለት ገና በወጣትነቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ የሠራው ድንጋይ መፍጫ ቤት ነበር። እዚያ ብሎን የሚታሰረው የቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ ተሰክቶ፣ በሙሉ ሰውነት ተንጠልጥለውበት ነው። እሱ ያሰረውን ሌላ ሰው ፈትቶት አያውቅም ይባልለት ነበር። ዝምተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው ነው፤ በሆዱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህችው ነች።

የትራክተሩን ሞተር አንድ ሳያስቀር ፈታታው። ፒስተኖቹንና ቀለበቶቹን ለወጠ። ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አስተካክሎ በመሃል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጋስኬቱን፣ በደረቁ ገጠመ፤ እዚያ ላይ ማጣበቂያ የሚቀባ ሰው ሥራ አያውቅም ባይ ነው። የውሃ ፓምፑን የወረቀት ጋስኬት ግን፣ የማይደርቀውን፣ እንደ ማር የሚዝለገለገውን ዓይነት ማጣበቂያ ስስ አድርጎ ቀባው። ሁሉም እሺ አለው። እምቢ ያለው ኮፓው ብቻ ነው። ኮፓ ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘው የቆርቆሮ ገንዳ ነው፤ ዙሪያውን በትንንሽ ብሎኖች ይታሰራል።

መጀመሪያ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነውን ቡናማውን ማጣበቂያ ቀባለት። አፈሰሰ። ያንን ፍቆ ለማንሳት ወገቡ ተቆረጠ። ወደ ቀዩ ሲሊኮን ዞረ። አፈሰሰ። ጥርሱን ነክሶ ብሎኖቹን አጠበቃቸው። ይባሱን አፈሰሰ! ቱቦውን እስከ ጭራው ጨምቆ፣ ግጥም አድርጎ ቀብቶ፣ የባሰውን አጥብቆ አሰረው። ይኸው እሱም ግንባሩ ላይ ጠብ አለ።

ተነስቶ እንደቆሸሸ ወደ መለዋወጫ ሻጩ ሄደ።

«ግራጫውን ስጠኝ።»

«ቀዩ ምን ሆነ፣ ጋሼ?»

«ያፈሳል።»

«የእኔ ሲሊኮን አያፈስም። ስንቱ ወስዶ መርቆኛል።»

«እንግዲያው የማፈሰው እኔ ነኛ!»

«በእርስዎ ዕድሜ ያጋጥማል» አለ ሻጩ፤ ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ጉልቤ ግን አልሳቀም። «ለመሆኑ ምን ያህል ነው የሚቀቡት?» ሲል ሻጩ ጠየቀው።

«እስኪበቃው።»

«ዳቦ ላይ የሚቀባ መሰለዎት እንዴ? ቀጭን መስመር ነው፣ እንደ ክብሪት እንጨት።»

ቱቦውን ቀምቶት ወጣ። በስተርጅና መማሩ ሳይሆን ሰው ፊት መማሩ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

ቤት ተመልሶ ኮፓውን አወረደው። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ቀይ ሲሊኮን ተቆራርጦ፣ ዘይት የሚመጠጥበት ወንፊት ላይ እንደ ትል ተለጥፏል። ትንሽ ቢቆይ ዘይቱ መንገድ አጥቶ እንደ አዲስ የታደሰው ሞተር ይነድ ነበር። አንድ በአንድ ለቀመው።

እህቱ ኮፓውን በቤንዚን አጥባ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ደፋችው።

«ይሄ ነገር ምነው ተንገዳገደ?» አለች።

«ወለሉ ነው።»

«ወለሌን አትማ።» አንዱን ጥግ በጣቷ ስትጫነው ሌላው ጥግ ብድግ ይላል። ቋ! ስትለቀው ደግሞ ይመለሳል። ቋ!

ጉልቤ ተንበርክኮ አየው። በየብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ቆርቆሮው እንደ እምብርት ወጣ ወጣ ብሏል። እምብርቶቹ ሞተሩን ሲነኩ መሃል መሃሉ ክፍት ይቀራል። ባጠበቀ ቁጥር ለዘይቱ በር ሲከፍትለት ኖሯል።

«ማን ነው እንዲህ ያጎበጠው?» አለ፣ ጠፍቶት አይደለም። «ሟቹ ይሆናል።»

«ሟቹ? ነፍሱን ይማረውና አምፖል ለመቀየር ሰው የሚጠራ ሰው ነበር።»

ጉልቤ ወፍራም ብረት ከሥር አስደግፎ እምብርቶቹን በትንሽ መዶሻ ቀስ ቀስ እያለ አስተኛቸው። ሲሚንቶው ላይ መልሶ ሲደፋው ኮፓው ቋ ማለቱን ተወ። ጠርዙን ቅባት እስኪለቀው በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ። ከዚያ ግራጫውን በቀጭኑ፣ ከቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ዞሮ፣ ሳያቋርጥ አሰመረው። ትራክተሩ ሥር ገብቶ ኮፓውን ወደ ቦታው መለሰና ብሎኖቹን በጣቱ አስያዛቸው፤ ሲሊኮኑ ጥቂት እስኪጠጥር ጠብቆ ቁልፉን አነሳ።

የመጀመሪያው ብሎን ላይ የለመደ እጁ በራሱ አጠበቀ። ግራጫው በጎን ብቅ አለ።

«ተው!» አለች እህቱ።

«ገና አልጠበቀም እኮ!»

«ወጣ፣ ወጣ እኮ ነው የምልህ!»

ደሙ ፈልቷል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም። ብሎኑን መለስ አድርጎ ላላ አደረገውና ከሥር ወጥቶ ቁልፉን አቀበላት።

«አንቺ እሰሪው።»

«እኔ? ብሎን አስሬ አላውቅም!»

«ለዚህ ነው።»

ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እሱ ደጅ ቁጢጥ ብሎ ከንፈሩን ያኝካል። «በሁለት ጣት ያዢው። ከመሃል ጀምሪ። አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ። በቃ! በቃ አልኩሽ!»

«ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ አይደለሁም!»

ሰኞ ጠዋት ብረት ገዢው መኪናውን ደጅ አቁሞ ሲገባ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ሦስቱም አጎንብሰው ከሥር አዩ። ሞተሩ ጋለ፤ ኮፓው ግን ላብ እንኳን አልወጣውም።

«ለመሆኑ ዘይት አለው?» አለ ብረት ገዢው።

እህቱ የዘይት መለኪያውን መዝዛ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። አለው።

«ማን ሠራው?»

«ብሎኑን እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለች፣ ወደ መቀመጫው እየወጣች።

ጉልቤ አፉን ከፈተ። ፒስተኑ፣ ቀለበቱ፣ ቴስታው ሁሉ አፉ ላይ ደረሱ። መልሶ ዋጣቸው።

ብረት ገዢው የእሷን ቀጭን ክንድ፣ ቀጥሎ የእሱን ክንድ አየና «እርስዎስ?» አለው።

«ቁልፍ አቀበልኩ» አለ ጉልቤ። ትራክተሩ ወደ እርሻው ሲወጣ፣ እሱም ዓይኑን ኮፓው ላይ ተክሎ፣ እንዳጎነበሰ ከኋላ ከኋላው ሄደ።