እጁን ያወጣው ክንፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ አናጢ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ድረስ መጥቶ የወጥ ቤታችንን ቁም ሣጥን በር ቀየረልን። ሲጨርስ ራቅ ብሎ ቆመና «እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ። በሩ ጠማማ ነበር። ልብ ብለው ካላዩት የማይታይ ዓይነት ጠማማ እንዳይመስላችሁ፤ የግራ ጥጉ ወርዶ ከታች ካለው መሳቢያ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረውም። ታዲያ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» አልኩት። ባለቤቴ ሰናይትም ከኋላዬ ሆና «ቤቱን ቤት አስመሰልከው» አለችው። ሻይ ጠጣ፣ ተመረቀ፣ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ሳትነሳ ካቻቪቴ ይዤ የላይኛውን ማጠፊያ ትንሽ ጠበቅ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ወጣ ብዬ ስመለስ በሩ ጭራሽ አልዘጋ አለ። ለካ እሷም መውጣቴን ጠብቃ የታችኛውን ማጠፊያ አላልታዋለች። በሩ አሁን በሌላ በኩል ተንጋዶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አሁንም?» አልኳት።

«አሁንም» አለችና በሳቅ ፈረሰች።

እኔ አልሳቅሁም። በዚህ ጉዳይ ላይ ሳቄ ካለቀ ቆይቷል። ሰው ስንት ጊዜ በአንድ ድንጋይ ይመታል? በወጣትነቴ ይኸው ነገር አንድ አውሮፕላን አሳጥቶኛል።

አዎ፣ አውሮፕላን። አትሳቁ። ያኔ ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሰፈሩ አሁን ፈርሷል፤ በቀደም በዚያ ሳልፍ የግቢያችን በር የት ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አቅቶኝ ተናድጄ ተመለስኩ። ሥራዬ ባትላሜራ ነበር። የተጨማደደ የመኪና ቀፎ እየቀጠቀጥኩ አቃናለሁ። ጠማማ ነገር ማቃናት እንጀራዬ የሆነ ሰው ነኝ እንግዲህ፤ ይህን ያዙልኝ።

አውሮፕላን የመሥራት አባዜ ውስጥ የከተተኝ ካፒቴን ዘውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። ጎተራ፣ ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ፣ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። የተጋጨች መኪናቸውን አቃንቼ ልመልስ ስሄድ መጋዘናቸው ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ነው፤ ከነፕሮፔለሩ፣ ዘይት ተቀብቶ። በወጣትነታቸው ራሳቸው ሊሠሩበት አስበው ሳይሆንላቸው ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ከተማውን ቢያስሱ አይገኝም። እኔም እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ፕላኑን እሰጥሃለሁ» አሉኝ። «ቀፎውን ሥራ፣ ሁለቱን ክንፎች ግጠምና አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ሞተሩ ያንተ ነው።»

ቀጥ ብሎ ከቆመ። ቃል በቃል ያሉት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከሥራ መልስ ራቴን እንኳ ሳልበላ ግቢው ውስጥ ላሜራ እቆርጣለሁ፣ ቧንቧ አጎብጣለሁ። የክንፎቹን የእንጨት አጥንት የሠሩልኝ ላንቻ ሱቅ የነበራቸው አናጢ ጋሽ በቀለ ናቸው። አልጋ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ይኼም አልጋ ነው፣ ሰማይ ላይ የሚተኛበት» ይላሉ። ክንፉን ጨርቅ የምታለብሰው ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ መጋረጃና የድንኳን ሸራ የምትሰፋ ልጅ ነበረች። ሰናይት ነች። ያኔ ሚስቴ አልነበረችም፤ ጨርቁ የተወጠረ መሆኑን በጣቷ እየመታች ስትፈትሽ ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል የሚያቅተኝ ልጅ ነበረች እንጂ።

የግቢው ባለቤት እትዬ ዘነቡ ብቻ አልወደዱልንም። የኮላውና የአኳራጁ ሽታ ራስ ምታት ሆነባቸው። ግን ደግሞ ክንፉ ጠፍጣፋና ንጹህ መሆኑን አዩና ፀሐይ ወጣ ባለ ቁጥር በርበሬ ያሰጡበት ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቀኙ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልቷል። «እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን ነው» ብላቸው «ታዲያ በርበሬው ምን አደረገው? ይዞት አይበር» አሉኝ። ክንፉን ጠርጌ ሳምንት ሙሉ ሳስነጥስ ከረምኩ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ፋታ በሰጠን አንድ እሑድ፣ ሁለቱን ክንፎች ለሙከራ ገጠምናቸው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ የአንዱ ጫፍ በእትዬ ዘነቡ መስኮት ሊገባ ደርሶ፣ የሌላው አጥሩን ተሻግሮ ነበር። እኔ ከደስታዬ ብዛት ጋሽ በቀለን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ከላይ ከታች ዘለልኩ። እዚያው ጥግ ካለው ምሳ ቤት ጥብስ አስመጥቼ ዝናብ ሲጀምር በክንፎቹ ሥር ተጠልለን በላን።

የግራው ክንፍ ጫፍ ከቀኙ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ክንፉ ከቀፎው ጋር የሚታሰርበትን ብረት በራሴ እጅ ስበሳው የቡሎኖቹን ቀዳዳዎች አዛብቻቸው ኖሯል። እኔ ያን ቀን አላየሁትም። ደስታ ዓይን ያሳውራል። ጋሽ በቀለ ግን አይተዋል። ሰናይትም አይታለች። ጋሽ በቀለ «ድንቅ ነው» አሉ፤ ሰናይት «በጣም ያምራል» አለች፤ ጥብሱን በሉ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ግቢው ስለማይበቃ ሁሉንም መልሰን ፈታነው። ክንፎቹ ለመጨረሻ ልስለሳ ላንቻ፣ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄዱ። ክንፉን ከሥር ደግፈው የሚይዙትን ዘንጎች ሰናይት ሽፋን ልትሰፋላቸው ወሰደች። ቀፎው እኔ ዘንድ በላስቲክ ተሸፍኖ ቀረ። አንዱ አውሮፕላን ሦስት ቦታ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ጋሽ በቀለ ሱቃቸውን ዘግተው በግራው ክንፍ መግጠሚያ ሥር ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ፤ ያቺን ሁለት ጣት ቀና እንዲያደርጋት። ሰናይት የግራውን ዘንግ ለሠፈሯ በያጅ ወስዳ ትንሽ አስቀጠለችው፤ ያቺን ሁለት ጣት ቀና እንዲያደርጋት። እኔም ከቀናት በኋላ ላስቲኩን ገልጬ ቀፎውን ስለካ ስህተቴን አገኘሁት። ያን ሁሉ ምስጋና ካዘነቡብኝ በኋላ «ተሳስቼ ነበር» ማለት አፈርኩ፤ እነሱንም «አላያችሁም እንዴ?» ማለት ይሆንብኛል። ብረቱን አውልቄ አዲስ በሳሁና አሠርኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ካፒቴኑ መስከረም ላይ መጡ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ግቢው ታጥቧል፣ እትዬ ዘነቡ እንኳ በርበሬያቸውን ሰብስበዋል። ካፒቴን ዘውዴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተመርኩዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኙን ክንፍ ገጠምን፤ ቀጥ አለ። ግራውን አነሳን። ቡሎኖቹ ሁሉ ቀዳዳቸውን አግኝተው ገቡ፤ ዘንጉ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። የቡሎኖቹን ዳዶዎች አጥብቄ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁ።

ክንፉ መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ እጁን አውጥቷል።

ጋሽ በቀለ ጫማቸውን ያያሉ። ሰናይት ከቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ትለቅማለች። የተናገሩት እትዬ ዘነቡ ብቻ ናቸው። ከበራቸው ላይ ሆነው «ይሄ ነገር ጠምሟል መሰለኝ» አሉ። እና ሦስታችን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ «እትዬ፣ ይግቡ፣ ብርዱ እንዳይመታዎት» ብለን አስገባናቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ካፒቴኑ ክንፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ግሩም ሥራ ነው» አሉ። «ስፌቱ ደግሞ እንዴት ያምራል።» ሻያቸውን ጠጡ። ሲነሱ እየተንተባተብኩ «ሞተሩስ ጋሼ?» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እሱማ ምን ችግር አለው፣ እንነጋገራለን» አሉኝ።

እሳቸው ከበር እንደወጡ ግቢው ውስጥ ተደበላለቅን። «እኔ እኮ ትንሽዬ ሽብልቅ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ በቀለ። «ምን ሽብልቅ?» አለች ሰናይት። «አንቺ ምን አደረግሽ?» አልኳት። ነገሩ ሲገለጥ ቱግ አልኩ። «ምነው አንድ ቃል ብትናገሩ? ዝቅ ብሏል ብትሉኝ የምሞት መስሏችሁ ነው?» ሰናይት ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እንዴት ብዬ? እንደዚያ ደስ ብሎህ?» አለችኝ። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች የኔን ክንፍ አላዩም።

በሳምንቱ ሽብልቁን አወጣን፣ ዘንጉን ወደ ልኩ መለስን፣ የኔን ቀዳዳ ብቻ ተውን። ስንገጥመው የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ቆመ። ቀጥ አለ። ካፒቴኑ ያሉት ሆነ። ቀጣዩ ነገር ቀላል መሆን ነበረበት፤ ጎተራ ሄዶ «ክንፉ ጠማማ ነበር፣ አሁን ተስተካክሏል» ማለት። ግን እሳቸው ግሩም ብለውታል። ጠማማ ነበር ብላቸው የአብራሪ ዓይንዎ አላየም ወይም ዋሽተውኛል ማለት ይሆንብኛል። ስለዚህ ሄጄ ያልኳቸው «አንድ ቀን ብቅ ብለው ቢያዩልን» ብቻ ነው።

«እመጣለሁ» አሉ። ምሳ አበሉኝ። ቅቅል ነበር። ደግሜ ስሄድ ጾም ገብቶ ነበር፤ ምስር አበሉኝ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። እንደገና ስሄድ ሽሮ፤ እንግዳ መጥቶባቸዋል። ጾሙ ተፈትቶ ዶሮ ሲቀርብልኝ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። የሰው ቤት ማዕድ ላይ እንዲህ መናገር ነውር ነው፤ ቢሆንም ጉርሻውን መለስኩና «ጋሼ፣ አይሆንም ከሆነ አይሆንም ይበሉኝ» አልኳቸው።

ካፒቴኑ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ። ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ሸራው ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ በነበረበት ሲሚንቶ ላይ የዘይት እድፍ ብቻ አለ።

«እናንተ ዘንድ በመጣሁ ሰሞን ለአንድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰጠሁት» አሉኝ። «ተማሪዎቹ እየፈታቱ ይማሩበታል። በዚያ ክንፍ ሞተር ብሰጥህ ለመብረር ትነሳለህ፤ ብትነሳ ደግሞ ገዳይህ እኔ ነኝ። ሞተሩ ካጠገቤ ካልጠፋ እንደማልከለክልህ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጠማማ ነው አይሉኝም?»

«እንዴት ብዬ? እንደዚያ ደስ ብሎህ?»

«በሳምንቱ እኮ አቃንተነዋል ጋሼ። ቀጥ ብሏል።»

ካፒቴኑ ትክ ብለው አዩኝ። ፊታቸው ሲለወጥ ይታወቀኛል። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ።

ሁለታችንም የዘይቱን እድፍ እያየን ቆምን። በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም፤ ሁሉም ሰው የሠራው ስለ እኔ ብሎ ነው። በዚህ መሐል ባለቤታቸው ከበረንዳ ተጣሩ። ዶሮው እየቀዘቀዘ ነው አሉ። ገብተን በላን።

ሌላ ሞተር አልተገኘም። ቀፎውን ቆራርጬ ለጋራዡ ሥራ አዋልኩት። ክንፎቹ ለረጅም ጊዜ የጋሽ በቀለ ሱቅ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው ቆዩ፤ ጋሽ በቀለ ሲያርፉ ልጆቻቸው ምን እንዳደረጓቸው አልጠየቅሁም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ትናንት አናጢው ጋ ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ጉሮሮዬን ጠራርጌያለሁ፤ ሰናይት አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። «በሩ ጠማማ ነው» አልኩት።

«አውቄዋለሁ ጋሼ» አለኝ። «እርስዎ እንደዚያ ሲመርቁኝ ምን ልበል?»

ስልኩን ልወረውረው ነበር። ዛሬ ጠዋት መጣ፤ እኔና ሰናይት ያበላሸነውን ጭምር እያየ ምንም ሳይል ሠራና ራቅ ብሎ «አሁንስ?» አለ። ምርቃቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። «ትንሽ ይቀረዋል» አልኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ካቻቪቴውን አነሳ፣ ግማሽ ዙር አዞረ፣ በሩ ቀጥ አለ።

አናጢው ከሄደ በኋላ በሩን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ ሰናይት።

«ምንም» አልኳት። ከዚያ አሰብኩና «ሞተሩ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።