የኢየሩሳሌም ሳሚዋ ጎረቤት

በላስ ቬጋስ ፓሪስን ያላየ ሰው የለም። ግንቡ ቁመቱ የእውነተኛው ግማሽ ቢሆንም ከሥሩ ቆሞ ፎቶ መነሣትና ለዘመድ መላክ ይቻላል። ቬኒስም አለች፤ ሰማይዋ ኮርኒስ ላይ የተቀባ ስለሆነ ዝናብ አያሰጋትም። እታፈራሁ ከእነዚህ ከተማ መሳይ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ስታጸዳ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ እውነተኛውን ከአስመሳዩ በመለየት ከእኔ ወዲያ ላሳር ባይ ናት። እሷ ያየችው እውነተኛውን ነዋ! ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትንሣኤ ከማኅበሯ ጋር ኢየሩሳሌም ሄዳ፣ ተሳልማ ተመልሳለች።

ከዚያ ወዲህ ስሟ ሳሚ ሆነ። ኢየሩሳሌምን የተሳለመ ሰው ሳሚ መባሉ የቆየ ልማድ ነው፤ ማዕረጉን ግን እንደ እሷ በሥራ ላይ ያዋለው የለም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምሳ ሰልፍ ላይ «ሳሚ ትቅደም» ይባላል፤ ሳሚም ትቀድማለች። ቴሌቪዥን ስለዚያ አገር ዜና ባሳየ ቁጥር ጣቷን ቀስራ፣ «ይኼን ቦታ አውቀዋለሁ፤ በዚህ በኩል ነው ያለፍነው» ትላለች። የሚታየው ጋዛ ነው። ጋዛ ደርሳ አታውቅም።

ዘንድሮ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ፍልስጤም የሚነሣው ክርክር እየጦፈ፣ ሁለት ሰዎችን ሰላምታ እስከ ማቋረጥ ስላደረሰ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዮፍታሄ መላ ዘየደ። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ «ፍልስጤማውያን እነማን ናቸው?» የሚል ትምህርት ይሰጣል።

«እትዬ ሳሚ፣ እርስዎ እያሉ ሌላ ተናጋሪ ከየት እናመጣለን?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው» አለች፤ በደንቡ መሠረት ይህን ደጋግማ ካለች በኋላ እሺ አለች።

ነገሩን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም ነበር። ሰዘርን ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር በኦቨርታይም ከገዛችው ቤት አጠገብ፣ በዚያው ቀለም በተቀባ፣ በዚያው ዓይነት ጠጠር በተነጠፈበት ቤት፣ ሐናን የምትባል ፍልስጤማዊት ከባሏና ከልጇ ጋር ክረምቱን ገብታለች። ሳሚ ግን የምታውቀውን ነገር መጠየቅ አልለመደባትም። ሴትዮዋ በስልክ አረብኛ ታወራለች፤ እንዴት ነሽ ሲሏት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ስለ ነገ ሲነሣ «ኢንሻአላህ» ትላለች። በቃ፣ ሙስሊም ናት። የትምህርቱ ግማሽ አለቀ።

በሁዳዴ አጋማሽ ሐናን አንድ ሰማያዊ አበባ ያለበት ሰሐን ይዛ መጣች። ምስርና ሩዝ ነው፤ ከላዩ በዘይት የጠቆረ ሽንኩርት። ቅቤ የለበትም።

«መጾሜን ሰምታ እኮ ነው!» አለች ሳሚ በማግስቱ ለበድሪያ። በድሪያ የወሎ ልጅ ናት፤ በአንድ ፎቅ አብረው ያጸዳሉ፤ ወደ ሥራ የሚሄዱትም በበድሪያ መኪና ነው።

«በዜና አስነግረሽ ይሆናላ» አለች በድሪያ መስተዋቱን እያስተካከለች።

የፋሲካ ዕለት ሳሚ ሰሐኑን ባዶውን ላለመመለስ አሰበች። ዶሮ ወጥ ሞልቷል፤ ግን የክርስቲያን ሥጋ ሰጥታ ሴትዮዋን ኃጢአት ውስጥ ልታስገባ? ሙዝ ሞላችበት። ሐናን አዲስ ቀሚስ ለብሳ በሩን ከፈተች። ሙዙን አየች፤ ሳሚን አየች፤ አመሰገነች።

ከሰዓት በኋላ ሰሐኑ ተመልሶ መጣ። በሩዝ ላይ የተቆለለ የበግ ሥጋ፣ በጎኑ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ ብስኩቶችና ቀይ የተቀቡ እንቁላሎች አሉበት። እንቁላሎቹን ሳሚ ወዲያው ተረዳቻቸው፤ የአሜሪካ ልማድ ነው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት አምጥቶት ነው። ብስኩቱንም አወቀችው፤ የኢድ ነው። ያስቸገራት ሥጋው ነው። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ይህን ሳሚም በድሪያም ከእናታቸው ወተት ጋር ጠጥተውታል። በሆቴሉ የሠራተኞች ምግብ ቤት ሁለቱም የሚበሉትን ዶሮ ማን እንዳረደው ግን ጠይቀው አያውቁም። ማሽን ሃይማኖት የለውም።

በማግስቱ ሥጋውን ሸፍና ለበድሪያ ሰጠቻት። «ውሰጂ፣ የናንተ ነው።»

በድሪያ በላች፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠች። ደግ ናትና ሰሐኑን ራሷ ልትመልስና ልታመሰግን ከሥራ መልስ የሐናንን በር አንኳኳች። ጥቂት ቆይታ የሳሚን በር ስታንኳኳ መልኳ ሌላ ነበር።

«የሴትዮዋ ሳሎን ውስጥ ማርያም አለች!»

«የቷ ማርያም?»

«የቷ ትሆናለች! ልጇን የታቀፈችው! ከጎኗ ደግሞ ይኼን የሚያህል መስቀል። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ዘው አልኩልሽ።»

«ለጌጥ ይሆናል።»

«መስቀል ለጌጥ የሚሰቅል ሙስሊም የት አይተሻል?»

«በዚህ ከተማ? ሆቴል ደጃፍ ፈርዖንን ለጌጥ ያቆሙ ሰዎች!»

«ተይ እንጂ! ሥጋውን እኮ በልቻለሁ። አንቺ ነሽ የናንተ ነው ያልሽኝ። እንዲህ ነው ሳሚነት?»

ጉዳዩ ሃይማኖታዊ ስለሆነ ተያይዘው ሄዱ። ሐናን ቅጠል የገባበት ሻይ ቀዳችላቸው። በሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ ተነጋገሩ።

«ኦርቶዶክስ ነን» አለች ሐናን። «ቤተ ሳሑር ነው የተወለድኩት፣ ከቤተ ልሔም ሥር። እንዳንቺው ስጾም ከርሜ በሙዝ ፈሰክሁ።»

ሳሚ ሻዩን አስቀመጠች። «መቼ ተጠመቃችሁ?»

«በሕፃንነቴ።»

«አይ፣ መጀመሪያ። ቤተሰቡ።»

ሐናን ጥቂት አሰበች። «መንደራችን እኮ በልደት ሌሊት እረኞቹ የነበሩበት ነው። ማን እንደነገረን እንጃ፤ ቀድመን የሰማን ይመስለኛል።»

በድሪያ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። «እሺ፣ በጉን ማን አረደው?»

«አቡ ኸሊል፣ ሐላል ሥጋ ቤት ያለው። የኬብሮን ሰው ነው፤ እንደ እሱ የሚቆርጥ የለም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች በድሪያ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሐናንም ከልማድ። የሚያስጨንቃቸውን ሲያስረዷት ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። «ቆይ፣ በጉም ሃይማኖት አለው?»

በድሪያ ከጭንቋ ስለ ወጣች ተራው የቀልድ ነው። ወደ ሳሚ እየጠቆመች፣ «ይቺ እኮ ኢየሩሳሌምን ተሳልማለች። እሑድ ስለናንተ ልታስተምር ነው» አለች።

ሐናን ሳቋን አቆመች። ከወንበሯ ተነሥታ ከሳሚ ጎን ተቀመጠች።

«ለትንሣኤ ነበርሽ? ከቤታችን ኢየሩሳሌም፣ ከዚህ እስከ ሆቴላችሁ አይሞላም። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ጫማ የምንገዛው እዚያ ነበር። አሁን ለመግባት የእስራኤሎች ፈቃድ ይጠየቃል። እናቴ ዘንድሮም ጠየቀች፤ አልመጣላትም። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፤ እነሱ ግን የሚያዩት የድሮውን የፍልስጤም መታወቂያዬን ነው። ልጄ ረግጧት አያውቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተሰነጠቀ አምድ አለ። እናቴ ሁልጊዜ ስንጥቁ ላይ እጇን አድርጋ ትጸልይ ነበር። ነካሽው?»

ሳሚ ኢየሩሳሌምን ለማስታወስ ሞከረች። የአስጎብኚው ቢጫ ባንዲራ ትዝ አላት። የሻማ ሱቁ፣ ያበጠው እግሯ፣ በአውቶቡሱ መስኮት ያለፈው ረጅም ግንብና «ፎቶ አንሺኝ» ስትል የነበረው የራሷ ድምፅ። አምድ የሚባል ነገር የለም። በድሪያ እየተመለከተቻት ነው።

«ነክቼዋለሁ» አለች።

ሐናን የሳሚን ቀኝ እጅ አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከዚያም ሳመችው። በዚህ ከተማ ብዙ ሰው ግማሽ ቁመት ላለው ነገር ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ እንዲህ ያለ ክፍያ ግን ሳሚ አይታ አታውቅም። ያን ሰሞን አንሶላ ስትዘረጋ ቀኝ እጇን ደጋግማ ታየዋለች።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሐናን ተጋብዛ፣ ያንኑ ሰማያዊ አበባ ያለበትን ሰሐን ከአንድ ትልቅ ትሪ ሥጋ ጋር ይዛ መጥታለች። ዮፍታሄ ሳሚን ሲያስተዋውቅ «በእግሯ ረግጣ፣ በዓይኗ አይታ» አለ። ሳሚ ተነሥታ፣ የአገሩ ሰው እያለች እኔ አልናገርም ብላ ማይኩን ለሐናን ሰጠች። ሕዝቡ ትሕትናዋን አደነቀ።

ሐናን በዝግታ ተናገረች፤ ዮፍታሄ ተረጎመ። በቤተ ልሔም ከልደት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት መስጊድ እንዳለና የወይራ ለቀማ ሲደርስ ጎረቤት ከጎረቤት ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ መሰላል እንደሚዋዋስ፣ ወጣቱ በኬላና በፈቃድ ተሰላችቶ እንደሚሰደድ፣ ጋዛ ያለች አክስቷ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠልላ እንደከረመች ነገረቻቸው። ሳሚ በዚህ ጊዜ «ይኼን ቦታ አውቀዋለሁ» አላለችም።

«እናቴ ዘንድሮም አምዱን መንካት አልቻለችም» አለች ሐናን በመጨረሻ። «ግን እዚህ የነካች እጅ አገኘሁ።» ወደ ሳሚ አመለከተች። አዳራሹ ሊያጨበጭብ እጁን አነሣ።

«አልነካሁትም» አለች ሳሚ።

ዮፍታሄ ትርጉም የሚያስፈልግ መስሎት ዞረ።

«አላየሁትም። ሌሎቹ ሲገቡ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እግሬን እያሸሁ ነበር። ቤተ ልሔምንም ቢሆን በደንብ ያየሁት የቅርጻ ቅርጽ ሱቁን ነው።» በአማርኛ ተናግራ፣ ለሐናን በእንግሊዝኛ ደገመችው። «ዋሸሁሽ።»

ሐናን ማይኩን ዝቅ አደረገች። ተቀይማለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንግዲህ እኔም አልነካሁትም። በዚያ እኩል ነን።»

ጭብጨባው ተሰረዘ፤ ምሳ ቀረበ። በሰልፉ ላይ «ሳሚ ትቅደም» ያለ ሰው አልነበረም፤ እታፈራሁ ወደ መሀል ገባች። ዮፍታሄ ከሐናን ትሪ ደጋግሞ አንሥቶ፣ «ክርስቲያን ያረደው እኮ ጣዕሙ ያስታውቃል! የቤተ ልሔም በረከት!» ይላል።

ሐናን ምን እንዳለ ጠየቀች፤ ተተረጎመላት። ደስ አላት። «ከአቡ ኸሊል ነው» አለች። «ከተማው ውስጥ ካሉት ሐላል ቤቶች አንደኛው።»

«ሐላል» መተርጎም አላስፈለገም። ጉርሻዎች በመንገድ ላይ ቆሙ። ከዚያ በልማድ ዓይን ሁሉ ወደ እታፈራሁ ዞረ፤ በእነዚህ ነገሮች ፍርድ የምትሰጠው እሷ ነበረች። እታፈራሁ የያዘችውን ሥጋ ተመለከተች። ሐናንን ተመለከተች። ጎረሰችው፤ ያለ ችኮላ አኝካ ዋጠችና ሌላ አነሣች።

«እንግዲህ... ከጀመርነው...» አለ ዮፍታሄ።

ሰኞ በመኪና ውስጥ በድሪያ፣ «ለእኔ ተረፈ?» አለቻት።

«ሰሐኑ ብቻ።»

ከሥራ መልስ እታፈራሁ ሰሐኑን በዶሮ ወጥ ሞላችው። ሐናን በሩን ከፈተች፤ ገና አልታረቀችም። ወጡን አሸተተች። ከዚያ ፊቷን እንደ ዳኛ አኮሳትራ፣ «ማን አረደው?» አለች።

«ፋብሪካ።»

«እንግዲያው ግቢ።»