በሩን ያስከፈተው ድምፅ

አባቴ ደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሰው ሲመታ አይቼው አላውቅም። ለዓመት በዓል በግ የሚያርድልን እንኳ ጎረቤት ነበር፤ እሱ ደም ማየት አይወድም። ከገሳይ ማዶ ገብስ አገር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። መሬቱ ለወንድማማቾቹ ስላልበቃ በንጉሡ ዘመን ፖሊስ ቤት ገባ። ደርግ ሲመጣ ቆቡ ላይ ያለው ምልክት ተለወጠ እንጂ እሱ ያው ነበር።

ጣቢያው ለታሳሪ ቀለብ አይሰጥም፤ ስንቅ የሚያቀብለው ዘመድ ነው። ዘመዱ ሩቅ ለሆነ እስረኛ እናቴ ትጋግርና እኔ በአገልግል አደርስ ነበር። አንድ ጊዜ ያለ ፈቃድ ጤፍ ጭኖ ወደ እብናት ሲሻገር የተያዘ ገበሬ፣ በተፈታ ቀን ቤታችን መጥቶ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አባቴ አፈረና ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ገበሬ ኬላው ላይ ይዞ ጤፉን ያስወረሰው ራሱ አባቴ መሆኑን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ጤፉን ቀማው፣ እንጀራውን አበላው። የአባቴ ደግነት እንዲህ ያለ ነበር፤ እኔም ያኔ ሌላ ዓይነት ደግነት አላውቅም።

ከአጥራችን ቀጥሎ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ዲያቆን። ጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ማለዳ ውዳሴ ማርያም ሲደግም ድምፁ በአጥሩ አልፎ ይመጣል፤ እናቴም እስኪጨርስ እሳት አታነድም። አባቱን ሳያውቅ ስላደገ አባቴን «አባየ» ይለው ነበር። አባቴም ለእኔ ጫማ ሲያሠራ ለእሱም ያሠራለታል።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ለየቀበሌው ኮታ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ጭብጨባና መፈክር ነበረው። ቀጥሎ ወጣት እየተለቀመ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከመኪና ላይ መወሰድ ሆነ። ሕዝቡ «አፈሳ» አለው፤ እህል እንደሚታፈስ። እትዬ ልጃቸውን ገሳይ ካለው አጎቱ ዘንድ ደበቁት። ክረምቱ እስኪጋመስ እዚያ ቆየ። ነገር ግን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ማኅሌት ሳይቆም መዋል አልሆነለትም። መጣ። ከካህናቱ መካከል ቆሞ ሲያሸበሽብ ሁላችንም አየነው። የቀበሌው ሊቀመንበርም አየው።

በማግስቱ አባቴ ያለ ወትሮው በረፋድ ቤት ገባ። ካፖርቱ በዝናብ ረጥቧል፤ አላወለቀውም። እናቴ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«የጎረቤታችንን ልጅ አምጣ ብለውኛል» አላት።

«ንገረውና ይሽሽ።»

«ቢሸሽ ማን እንደነገረው ይታወቃል። ደግሞ ኮታው አይቀርም፤ በሱ ፈንታ የሌላ ሰው ልጅ ይሞላበታል።»

«እንግዲያው አንተ አትሂድ። ሌላ ይሂድ።»

«የአብዮት ጥበቃዎቹ ቢሄዱ ጥርሱን ያረግፉታል። ባለፈው ያን የሸማኔውን ልጅ እንዴት አድርገው እንዳመጡት አላየሽም? እኔ ብሄድ ሳይደበደብ ይሄዳል።»

እኔ በር ላይ ተቀምጬ ልብስ አጥብ ነበር። አባቴ የሚለው ሁሉ እውነት መሰለኝ። ዛሬም ነገሩን በተራ ሳስበው ውሸት የሆነ ቃል አላገኝበትም። እሱ ነው ተስፋ የሚያስቆርጠኝ።

ጠመንጃውን እቤት ትቶ ወጣ። በአጥሩ ክፍተት አየዋለሁ። የእትዬ በር ከውስጥ ተሸንጉሯል፤ ከአፈሳው ወዲህ ቀን ለቀንም አይከፍቱም። ከቤቱ ጀርባ ወደ ወንዙ የምትወርድ ቀጭን መንገድ አለች፤ ልጁ ባዳ ሲመጣ የሚያመልጠው በዚያች ነበር።

አባቴ አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሃምሳ አለቃ! እኔስ እነዚያ መስለውኝ። ይግቡ፣ ይግቡ።» መሸንጎሪያው ሲነሳ ሰማሁ። ወዲያው ጠላ ሊቀዱ ሲሉ መሰለኝ የጣሳ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ሳይቀመጥ፣ «ልጄ፣ ተነሥ እንሂድ» አለው። ልቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ልጁ ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ። «አባየ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አልፈን ልሳለም?» አለው። አባቴ እሺ አለ። እጁን አላሰረውም፣ ክንዱንም አልያዘው። ጎን ለጎን ሆነው በጭቃው መንገድ ወጡ፤ የማያውቅ ሰው ቢያያቸው አባትና ልጅ ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ይመስሉታል። አባቴ በኋላ ለእናቴ እንደነገራት፣ ደጀ ሰላሙ ጋ ሲደርሱ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ይሮጣል ብሎ ነበር። ልጁ ግን ተሳልሞ፣ ግንባሩን ከበሩ መቃን ላይ አንሥቶ ተመለሰ።

«ለምን አልሮጥህም?» አለው አባቴ።

«ብሮጥ ዳፋው ላንቱ ይተርፋል።»

በዚያው ሰሞን ወጣቶቹን ከትምህርት ቤቱ ሜዳ በጭነት መኪና አሳፍረው ወሰዷቸው። እትዬ ዳቦ ቆሎ ይዘው ሜዳው ዳር ቆመው ዋሉ፤ አላስጠጓቸውም። አባቴ ስንቁን ተቀብሎ አቀበለላቸው። አመሰገኑት።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከሰሜን የተመለሰ አንድ እግሩ የተቆረጠ ወታደር፣ ልጁ ምሽግ ውስጥ ሲወድቅ እንዳየ ለቀበሌ ተናገረ። ቀበሌው ለጣቢያው፣ አዛዡ ደግሞ ለአባቴ። «አንተ አርዳቸው፤ አንተን ይሰሙሃል» አለው። አባቴ እምቢ ያለበትን ጊዜ አላውቅም። በዚህም አላለም። ሁለት ቄሶችና ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ማለዳ ሄደ። እናቴና እኔም ከኋላ ተከተልን።

እትዬ ሰዎቹን ሲያዩ ገባቸው። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው መሬት ጣሉ። ጮኹ፣ ደረታቸውን መቱ፤ ቄሶቹ ያዟቸው። ድምፃቸው ሲደክም አባቴን ቀና ብለው አዩትና በዝግታ እንዲህ አሉት፦

«ባንቱ ድምፅ ነው እኮ የከፈትሁት። ሌላ ቢሆን በጓሮ ይወጣልኝ ነበር።»

አባቴ ምን ብሎ ይመልሳል? ሳይደበደብ እንዲሄድ ብዬ ነው ይበላቸው?

ከዚያ ወዲያ ሥራውን አልለቀቀም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። እኔን አይገርመኝም፤ ልጆች ነበርን፣ ደመወዙም ያችው ነበረች። ሌሎች በሮችንም አንኳክቷል። እንደ በፊቱ ማንንም አልመታም። አዛዦቹ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ድምፁን አምኖ የሚከፍት ቤተሰብ ያለበት ሰፈር ሲሆን የሚልኩት እሱን ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ ከተማውን የያዙት ታጋዮች ፖሊሶቹን ሰብስበው አሰሩ። ሕዝቡ አደባባይ ተጠርቶ ማን ገረፈ፣ ማን ጉቦ በላ ተባለ። በአንዳንዶቹ ላይ ብዙ እጅ ተነሣ። የአባቴ ተራ ሲደርስ አንድም እጅ አልተነሣ። እትዬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ።

«ደግ ሰው ነው» አሉ። «ማንንም አልመታ። ልጄን የወሰደው ግን እሱ ነው።» ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ግራ ገባው። «ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት፣ እናቴ?»

«ምንም። እውነቱን ነው የተናገርሁ።»

አባቴ በሳምንቱ ተፈታ። ቤት ሲገባ እናቴ እግሩን ልታጥበው ውኃ አመጣች፤ እሱ ጫማውን አላወለቀም። ከዚያ በኋላ ጓሮ ድንች ሲኮተኩት ይውላል፣ ከሰውም አይጫወትም። ቅዳሴ ይሄዳል፤ ግን ከደጀ ሰላሙ አያልፍም። እትዬ ቤታቸውን ዘግተው እብናት ወዳለች እህታቸው ሄዱ። ሲሄዱ ሁላችንንም ስመው ተሰናበቱን፤ አባቴን ብቻ አጎንብሰው እጅ ነሡትና አለፉ።

አባቴ ብዙ አልቆየም። በቀብሩ ቀን ሰዉ ጢም ብሎ መጣ፤ ስንቅ አደረስንላቸው ከነበሩት እስረኞች መካከል ከሩቅ የመጡ ነበሩ። አልቃሿ «እጁ ሰው ያልነካ፣ የታሰረ ያበላ» ብላ ግጥሙን ስትጀምር እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ይብቃ» አለቻት። «እንዲያው ዝም ብለሽ አልቅሺ።»