በሐሞት መንገድ የፈሰሰ ደም

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ካደረገች በኋላ ጎኗን ያማት ጀመር፤ ዓይኗም ቢጫ ሆነ። ጥቁር እንደሚያስቀምጣት ግን አልነገረችኝም። ጸበል ትጠጣ ነበርና፣ በሽታው የሚወጣላት መስሏት ደስ ብሏት ቆይታለች። እኔ ያወቅሁት ሸጎሌ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ደም አስመልሷት ስትወድቅ ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ ወጣቱ ሐኪም ጉበትን ወረቀት ላይ ሣለልኝ። «እዚህ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተቀዶ ወደ ሐሞት ቱቦ ይደማል። ቱቦው ደግሞ አንጀት ላይ ይከፈታል። ጥቁሩ እሱ ነው» አለኝ። ሆዷን ሳይከፍቱ፣ በብሽሽቷ የደም ሥር በጣም ቀጭን ቱቦ ሰደው የሚደማውን ከውስጥ እንደሚደፍኑትም ነገረኝ። ትምህርት የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በማታው ክፍል ነው፤ ያልገባኝን ቃል አላልፍም። እስኪገባኝ ደጋግሞ እንዲያስረዳኝ አደረግሁት።

እትዬ ግን አልፈርምም አለች።

«ጸበሉ የጀመረውን አታቋርጡብኝ።»

«እትዬ፣ ደም እኮ ነው።»

«መጽሐፍ ስላገላበጥሽ ሐኪም ሆንሽ? ክፉው ነው የሚወጣው። ይውጣ።»

የተሰቀለላት ደም የሚፈሳትን መተካት አልቻለም። ከንፈሯ ነጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌባት የማላውቀው እኔ፣ አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ጮህኩባት። «ክፉው አይደለም፤ አንቺ ነሽ እያለቅሽ ያለሽው። ጸበሉን እኔው አመጣልሻለሁ፤ መጀመሪያ ደሙ ይቁም።»

እንባዬን አየች። «ታዲያ ምን እንደ ሕፃን ያስለቅስሻል» አለችና አውራ ጣቷን ለቀለሙ ዘረጋች።

ለሕክምናው ሲያስገቧት በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ አላስተኟትም። ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ «እማማ፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ» ሲሏት፣ እሷም «እሺ ልጆቼ» ስትል እሰማለሁ። ኋላ እሺታዋ ቀረ። በሩን ልገፋ እጄን አነሳሁ፤ አልገፋሁም።

ሐኪሙ ወጣ። «ደፍነነዋል። ግን ደሙ ሌላ መንገድ አግኝቶ በጎን ዞሮ እንደገና ሊደማ ይችላል።»

«በምን አውቃለሁ?»

«ጥቁሩ ለጥቂት ቀን ይቀጥላል፤ አሮጌ ደም ነውና በሱ አይፍረዱ። ልባቸው ከፈጠነ ወይም ላብ ካጠመቃቸው ይጥሩን።»

ጥቁሩ መጣ። አሮጌውን ከአዲሱ የምለይበት ዘዴ አልነበረኝም። የልቧን ምት ልከታተል የእጇን አንጓ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልቀቂኝ እንጂ፣ እጄ ደነዘዘ።»

«ትንሽ ቆዪ።»

«ነርሷ አሁን አይታኝ ሄደች እኮ። አንቺ ደግሞ ማን ሾመሽ?»

አልለቀቅኋትም። ጣቴ ሥር የሚፈጥነው የሷ ልብ ይሁን የኔ፣ መለየት አቅቶኝ ነበር።