አሥራ ሦስተኛው መደብ

ስሜ መልአኩ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ልመሰገን ብዬ አይደለም፤ ጥፋቴ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ሰቆጣ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ፣ ዘንድሮ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ወዳለው ቀዬአችን ተዛወርኩና ለፋሲካ ቅርጫ ገባሁ። አሥራ ሁለት ሆነን አንድ በሬ ጣልን። ሥጋውን የሚደለድሉት አያ አረጋ ናቸው፤ እኔ ሳልወለድም እሳቸው ነበሩ። ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከሻኛውም እየቆረጡ ቅጠሉ ላይ መደብ መደብ ሲያደርጉ፣ እኔ ቆሜ እቆጥራለሁ። ቁጠር ያለኝ ማን ነው? ማንም።

አሥራ ሦስት!

«አያ አረጋ፣ ተሳስተዋል» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስል ጮክ ብዬ። «እኛ እኮ አሥራ ሁለት ነን።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጎረቤታችንን ዓይናዲስን ሳል ያዘው፤ አጠገቡ ያለውም ሳለ። እኔ ጅሉ በሒሳቤ የተደነቁ መሰለኝ! ይባስ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ሥጋው መቶ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ቢሆን፣ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል አሥራ ሦስት፣ ለአሥራ ሦስት ሲካፈል አሥራ ሁለት። «ከያንዳንዳችን አንድ አንድ ኪሎ ሊጎድል ነው!» ብዬ አስረዳኋቸው፤ ጠመኔ ብቻ ነው የቀረኝ።

አያ አረጋ ቢላቸውን ጠረጉና ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ካልክማ ይሁን» አሉ። ትርፉን መደብ አንስተው በአሥራ ሁለቱ ላይ በተኑት። ዕጣ ተጣለ፤ የኔ ጥሩ ሻኛ ነበረው። ደረቴን ነፍቼ፣ እንኳን አደረሰሽ ልል እግረ መንገዴን እናቴ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሽንኩርቷን አቁላልታ በር በሩን ታያለች። ከሥጋዬ ላካፍላት ብል እጄን ያዘችው።

«ተው፣ ለሚስትህና ለልጆችህ ውሰድ። የኔን አያ አረጋ አሁን ይልኩልኛል። አባትህ ከሞተ ጀምሮ አንድም ፋሲካ አስቀርተውብኝ አያውቁም። እኔ የቅርጫ ብር ከየት አመጣ ነበር? አንተንም ያሳደግሁህ በዚያው ነው።»

በርጩማው ላይ ዘጭ አልኩ። ያ ሁሉ ሳል ምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ለካ እነዚያ ሰዎች፣ ልጇ ነውና እሱ ያስብላታል ብለው ነው ዝም ያሉት!

«ዘንድሮ ግን ዘገዩ» አለች እናቴ። «ሌላ ሰው ነው እንዴ ያካፈለው?»

ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን «ያልገባው ይጠይቅ» እያልኩ ስለፈልፍ የምውለው ሰውዬ፣ ያ መደብ የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኳት። «ያንቺን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

እጇን ዘርግታ ሥጋውን ከነፌስታሉ ተቀበለችኝ።

«በል ሂድና አያ አረጋ እግር ላይ ውደቅ» አለችኝ። «ይህ ግን እዚሁ ይቀመጥ።»