የማኅበራችን ኪኒን

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ከሆስፒታል ወጥታለች፣ እግዜር ይመስገን። አንጀቷ ታጥፎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነው። ልጇ ከመካነ ብርሃን ከተማ ሕፃኗን አዝላ መጥታ እያስታመመቻት ነው።

ትናንት ጧት ልጠይቃት ስገባ ጥሩነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ከመታመሜ በፊት ስምንት ቀን ሙሉ አልወጣልኝም ነበር» አለችኝ።

እኔ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር...

የሆድ ድርቀቱ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጾሙ ነው፣ ውሃ ስለማልጠጣ ነው እያልሁ ስሸፋፍነው ኖርሁ። ትናንት ግን ቤቴም ሳልመለስ ባጃጅ ይዤ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር «አሁን ታጠፈ» እያልሁ ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ነው የደረስሁ።

ራጅ አነሱኝ። ውጤቱን ስጠብቅ ልጆቼን ለማን እንደምተው ሁሉ አስቤ ጨረስሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «አልታጠፈም እናቴ» አለኝ። «ለመሆኑ ለሆድዎ ምን ሲወስዱ ቆዩ?»

ከቦርሳዬ ቀይና ቢጫውን እንክብል አወጣሁለት። ሆዴ በተነፋ ቁጥር ሁለት ሁለት እውጣለሁ።

«ማን አዘዘልዎ?»

«የማኅበር እህቶቼ።»

የሰፈራችን ልማድ ነው። ታክማ የዳነች የተረፋትን ኪኒን አትጥልም፣ ለማርያም ማኅበር ስንገናኝ ይዛ ትመጣለች። የቸገራት ትወስዳለች። እኛ ጽድቅ መስሎን...

ሐኪሙ አልሳቀም። «ሆድዎ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሁሉም ጠላት አይደሉም። ጎመኑን፣ ጥራጥሬውን የሚያብላሉ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ የሚያግዙ አሉ። ይህ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ክፉውንም ደጉንም ይፈጃል። ድርቀቱ በዚህ ብቻ መጣ አልልም፣ ሊያባብሰው ግን ይችላል።»

«የሞቱት ይመለሳሉ?» አልሁት።

«ብዙዎቹ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ሁሉም ይመለሳሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ውሃና አትክልት ያብዙ፣ ያለ ትእዛዝ ኪኒን አይንኩ ብሎ ሸኘኝ። ዛሬ ጧት ተገላገልሁ። ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም። ለሁለት ዓመት ደጎቹን በገዛ እጄ ስፈጃቸው ኖሬ፣ አሁን ስንቱ ቀርቶልኝ ይሆን እያልሁ ሆዴን አዳምጣለሁ።

ከሰዓት የማኅበር እህቶቼ ሊጠይቁኝ መጡ። የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ከሁሉም ታላቃችን የሆነችው አልማዝ «እሱ ልጅ ምን ያውቃል፣ ስንቱ ድኖበት የለ» አለች። ሌሎቹ ግን እያንዳንዳቸው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

ትንሽ ቆይቶ ከታች ሰፈር ሽማግሌው አያ ታከለ መታመሜን ሰምተው በትራቸውን ይዘው ገቡ። ሳይቀመጡ ከኮታቸው ኪስ ያንኑ የማኅበራችንን ቀይና ቢጫ እንክብል አውጥተው ዘረጉልኝ። ሐኪሙ ያለኝን ስነግራቸው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምነው ልጄ... እኔ ዛሬ ጧት ሦስተኛዬን ዋጥሁ። ይቺን እንኳ ለራሴ ሳልል ላንቺ ብዬ ነው ያስቀረሁ።»