ሸራ ዙሪያ የተቀራ ሱራ

ጠዋት ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሁድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ቁርአን አቀራለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሮጥ ምሳዬን ባጃጅ ውስጥ የበላሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ልጆቹ ኡስታዛ እንዲሉኝ ብነግራቸውም ግማሾቹ ጠዋት ትምህርት ቤት ስለሚያዩኝ ቲቸር ማለቱን አልተዉም። በመጨረሻ ሁለቱንም ላለማስቀየም ይመስላል፣ “ኡስታዛ ቲቸር” ብለው ተስማሙ።

የምንቀራበት ክፍል የሐጂ የቡና መጋዘን ነው። ሐጂ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ክፍሉን ሲሰጡን ኪራይ አልጠየቁም። አንድ ያልተጻፈ ውል ግን አለ። ዝናብ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቡና ይሰበስባል። እንግዳ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ቢሆን ልዩነት የለውም።

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ቀይ እሸት ቡና ከነሽፋኑ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ላይ ሲከርም ጠቁሮ ይደርቃል፤ ያኔ ጀንፈል ይባላል። በመሃል ውሃ ካገኘው ይሻግታል፣ ሽታውም ይቀየራል፣ ገዢው አፍንጫውን አስጠግቶ ይመልሰዋል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ለቡና ወቅት ብሎ አይቆምም። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያረፍድና ልክ ልጆቹ ተደርድረው ተቀምጠው እኔ ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ፊደል ስጽፍ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ይላል። ከዚያ ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም። ሁሉም ይወጣል። ሲመለሱ ረጥበዋል፣ እጃቸው ላይ ጭቃ አለ፣ ለውዱእ መታጠብ እንደገና፣ መደርደር እንደገና፣ የት ደርሰን ነበር እንደገና። ያኔ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ይደርሳል።

ባለፈው የቡና ወቅት ይህ ሲደጋገምብኝ አንድ ሥርዓት አበጀሁለት። ቁርአን በቃል ስለሚያዝ፣ ለቃል ደግሞ ሰሌዳ ስለማያስፈልግ፣ እየሰበሰቡ እንዲቀሩ አደረግሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጆቹ በሸራው አራት ጎን ይቆማሉ። አንዷን አጭር ሱራ በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን አንቀጽ ሲሉ የተበተነውን ቡና በእጃቸው ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ሦስተኛው ሲያልቅ ሁሉም እኩል ጎንበስ ብለው የሸራውን ጠርዝ ያነሱና ወደ መሃል ይሄዳሉ፤ ቡናው ይከመራል። የቀረውን የሱራውን ክፍል ላስቲክ እያለበሱና ድንጋይ እየጫኑ ይጨርሳሉ። ትምህርቱ አልተቋረጠም፣ ቡናውም አልረጠበም። ሐጂ በረንዳው ላይ ቆመው “ልጄ፣ ከእኔ ሠራተኞች እኮ ይፈጥናሉ” ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ድካሜም ለጊዜው ቀለለልኝ።

ሁሉም ሰው ግን ደስ አላለውም። አንዲት እናት የመስጊዱን ኮሚቴ ሰብሳቢ መንገድ ላይ አግኝታ፣ “ልጄን እንዲቀራ ነው የላክሁት፤ የቡና ልጣጭ እየሸተተ ነው የሚመለሰው” አለቻቸው። ሰብሳቢው ሁሉም ሼኽ የሚላቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ነገር የማይረሱ ሰው ናቸው። አስጠሩኝ።

“እሁድ መጥተን እንሰማቸዋለን” አሉኝ። “ከያዙ ይቀጥላሉ። ካልያዙ ከትልልቆቹ ጋር ከመግሪብ በኋላ ይቀራሉ። አንቺም ታርፊያለሽ።”

ማረፍ የሚለው ቃል፣ አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ግን ከመግሪብ በኋላ ጨለማ ነው። ከትንንሾቹ አንዷ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሁልጊዜ ከእናቷ የተረፈ ትልቅ ሒጃብ የምትለብስ ልጅ፣ ቤቷ ባጃጅ ከማይወጣው ዳገት ላይ ነው። እናቷ ገበያ ሙዝ ትሸጣለች፤ ገበያው ሲበተን እግረ መንገዷን ልጇን ከእኛ ወስዳ አብረው ዳገቱን ይወጣሉ። ወሬውን ስነግራት ዘንቢሏን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

“በጨለማ ማን ያመላልሳታል፣ ኡስታዛ? ትተወዋለች እንጂ።”

ቅሬታ አልነበረበትም። የሙዝ ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። እንደ እሷ ያሉ ልጆች አብዛኞቹ ናቸው።

እሁድ ፀሐይ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ደመና ሆኖ ስለከረመ ሐጂ ከንጋት ጀምረው ሸራውን ዘርግተው ቡናውን ያገላብጣሉ። ሼኽ ከሁለት የኮሚቴ ሰዎች ጋር መጡ። ልጆቹ ታጥበው፣ ኮፊያቸውን አጥልቀው፣ ከተደረደረው የቡና ጆንያ ሥር በሰሌኑ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። የማስታውሰው፣ ረድፉ በጣም ቀጥ ያለ መሆኑን አይቼ እንደተጽናናሁ ነው።

ጀመሩ። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ነው። ሦስተኛው አለቀና ዝም አሉ። ሁሉም ባንዴ። ከዚያ እኩል ጎንበስ አሉና እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አየር ጨበጡ።

“ምነው? ቀጥሉ እንጂ” አሉ ሼኽ።

ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ያው ሆነ። እጆቹ ተነሡ፤ ቃሉ አልመጣም።

ከኮሚቴው አንዱ ወደ ሌላው ዞሮ፣ “ስፖርት ነው እንዴ የሚሠሩት?” አለ።

ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ ግን ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ ቀና ብላ አየችኝ።

“ኡስታዛ ቲቸር፣ ሸራው የለማ።”

ሼኽ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አራቱ ጎን፣ ልጅ በእጁ የሚሠራውን በአፉ ቶሎ እንደሚይዝ፣ የማስታወስ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ...

“አሳጥሪው፣ ልጄ።”

“ሱራውን ያውቁታል፣ ሼኽ። የሚያውቁት ግን ሸራ ይዘው ነው።”

በር ላይ የቆሙት ሐጂ ወደ ግቢው፣ ከዚያም ወደ ሰማይ አዩ። ሊሉት የፈለጉት ገብቶኛል። ያ ሰዓት ከሳምንቱ ሁሉ የተገኘ ብቸኛ ደህና ፀሐይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቡና መከመር ማለት ሌላ ቀን መጠበቅ ማለት ነው። ቡናው ይሰብሰብልኝ ብዬ እሳቸውን መጠየቅ አልቻልኩም። አልጠየቅሁምም።

“ሸራው እኮ ውጭ አለ” አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። “ሰብስቡት።”

“ፀሐይ ነው እኮ፣ ሐጂ” አለ አንድ ልጅ።

“አየሁት። ሰብስቡት አልኩ።”

ወጡ። በአራቱ ጎን ቆሙና ጀመሩ። ሦስተኛው አንቀጽ ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ጠርዙን ጨበጡ፣ አነሡ፣ ወደ መሃል እየሄዱ አራተኛውን አንቀጽ ቀጠሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም። ላስቲኩን እያለበሱ፣ ድንጋይ እየጫኑ ሱራውን እስከ መጨረሻው ወረዱት። ከዚያ ሳይነገራቸው ሁለተኛዋን ሱራ ጨመሩ፣ ሦስተኛዋንም። ጥርሰ ወላቃዋ ሒጃቧ ዓይኗን ሸፍኖት ሳታይ ነበር ድንጋይ የምታስቀምጠው።

ሼኽ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

“ይዘውታል” አሉ ሲያልቅ። “ግን የአላህ ቃል ከሸራ ጋር ተጣብቋል። ነገ ሶላት ላይ ሲቆሙ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሊያጎነብሱ ነው?”

ትክክል ናቸው።

“የእኔ የቀን ሠራተኞች ቡና ሲሰበስቡ የሚሉትን ብትሰማ” አሉ ሐጂ፣ “ይህንን ትመርቅ ነበር።”

ሼኽ ፈገግታቸውን በጢማቸው ሥር ደበቁት። “እዚሁ ይቀጥሉ” አሉኝ። “ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የምሰማቸው። ካልቻሉ ያልኩት ያው ነው።”

እነሱ ከሄዱ በኋላ ቡናውን እንደገና መበተን ነበረብን። እናቷን ከምትጠብቀው ከጥርሰ ወላቃዋ በቀር ልጆቹን ወደ ቤታቸው ልኬ እኔና ሐጂ ነበር የበተንነው፤ በእጃችን፣ ተንበርክከን። ወገቤን ስይዝ አዩኝ መሰለኝ፣ “አንቺ ደግሞ እረፊ” አሉ። በቴፒ በኩል ደመና እየተሰበሰበ ነበር። ሁለታችንም አየነው፤ መበተናችንን ቀጠልን።

ሙዝ ሻጯ እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። “ማክሰኞ ትምጣ?” አለች።

“በሰዓቷ ትምጣ።”

ማክሰኞ ሁሉንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው እንዲቀመጡበት አደረግሁ። ጀመሩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አብዛኞቹ ዝም አሉ፤ ጥቂቶች እየተንገዳገዱ አለፉ። ደግመን ጀመርን። ደግመን። ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት ራስ ምታት ዓይኔ ላይ ወጥቷል። ጥርሰ ወላቃዋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እጇን በገዛ ክብደቷ ይዛ፣ አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ገባች።

ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ውጭ ሐጂ ላስቲኩን ሲጎትቱ ይሰማል።

“መጀመሪያ ጨርሱት” አልኩ።

ተቀምጠው፣ እየቸኮሉ፣ ጨረሱት። ከዚያ እጃቸውን ከሥራቸው አውጥተው ሮጡ፤ እኔም ጫማዬን እየፈለግሁ ተከተልኳቸው።